የአይረቤ ግራ እግር

በህልሜ ጉም ነበር። ከኦለንታንጂ ወንዝ ተነስቶ መንገዱን፣ ዛፉን፣ ድልድዩን ሁሉ ውጦታል። ውሻችን አይረቤ በዚያ ጉም ውስጥ የግራ የኋላ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል። ባሌ ገብረየስ ገመዱን ይዞ ከኋላው ቆሟል፤ መራመድ አቅቶታል። «ኧረ ጠብቀው!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ድምፅ የለኝም። ስባንን ግንባሬ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቷል፣ የአንድ ተማሪ ሱሪ መርፌው ስር እንደተወጋ ቀርቷል። ውጭው ገና ከሰዓት በኋላ ነው። አይረቤ እግሬ ስር ተኝቶ እሱም በህልሙ ይሮጣል፤ አራቱም እግሩ ይፈራገጣል። የግራውን ትኩር ብዬ አየሁት። ይንቀሳቀሳል። 

እኔ ማዘንጊያ እባላለሁ። ኮሎምበስ ከተማ፣ ዋይንላንድ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ሰሚት ስትሪት ላይ፣ በቤታችን የፊት ክፍል ልብስ አስተካክላለሁ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የምረቃ ሰሞን የተማሪዎቹን ጋውን እተኩሳለሁ። እንቅልፍ ይወደኛል። መኪናው ሲያጉረመርም፣ መስኮቱ በብርድ ሲነጣ፣ ዓይኔ ሳላዘው ይከደናል። «ማዘንጊያ ደግሞ ሥራዋ ህልም ማየት ነው» ይሉኛል። ይበሉ! ህልሜ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም።

ውሻ ቤቴ አስገባለሁ ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም። ስዕለ አድኅኖ ያለበት ቤት፣ በስመአብ! ጎረቤታችን የነበረ ቶሚ የሚባል ተማሪ፣ ከእኛ በለቃቀመው በተሰባበረ አማርኛው፣ «እትዬ ማዘንጊያ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ይያዙልኝ» ብሎ ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ተመረቀና ካሊፎርኒያ ሥራ ያዘ። ሳምንቱ እስካሁን አላለቀም።

ያኔ ገብረየስ ከሆስፒታል የወጣ ሰሞን ነበር። ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶት፣ ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ የኖረ ሰው ሶፋ ላይ ተተክሎ ቀረ። ዶክተሩ «ካልሄድክ እግርህ ጨርሶ ይከዳሃል» አለው። ዎከር፣ ተደግፈው የሚገፉትን ብረት፣ ገዛንለት። «ይሄን የሽማግሌ አጥር እኔ አልገፋም» ብሎ ጥግ አስያዘው፤ እኔም ሹራብ ማስጫ አደረግሁት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ወይ ፍንክች! ውሻው ግን መጣና ጫማው ላይ ተቀመጠ፣ ዓይን ዓይኑን አየው። በማግስቱ ተያይዘው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናብ ይሁን በረዶ፣ ወጥተው የማይገቡበት ቀን የለም። ገብረየስ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ግራ እግሩን እስኪያወጣ ድረስ ውሻው ቆሞ ይጠብቀዋል። ማንም አላስተማረውም።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አይረቤ። የምትወጂው ነገር ከስሙ ጀምሮ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። የእንስሳት ክሊኒክ ያሉት ፈረንጆች «ሬቢ» ይሉታል፣ ኤልዳናም እንደ እነሱ።

ኤልዳና ልጃችን ናት፤ ያለን እሷ ብቻ ናት። ሉዊስ ሴንተር የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይታ እዚያው አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ህልሙን ስነግራት ስልኩ ውስጥ ኪቦርዷ ይንኳኳል።

«ደግ ያርገው፣ ማሚ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳትነቅል እንደሆነ ያስታውቃል።

«ደግ አይደለም። የሄለን ውሻ የሆነውን ረሳሽ?»

ሄለን ቤተክርስቲያን አብራን የምታስቀድስ ልጅ ናት። የውሻዋ ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት ተበጥሶ ኦፕሬሽን ሲሉ የአሮጌ መኪና ዋጋ ጠየቋት። የላትም። ውሻውን መጠለያ ሰጥታ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። እኛም የለንም። አይረቤ ከሄደ ደግሞ ገብረየስ ወደ ሶፋው ይመለሳል፤ ሶፋው ላይ ከተመለሰ እንደማይነሳ አውቃለሁ። እንግዲህ ህልሙ ያባነነኝ ለዚህ ነው።

«ማሚ፣ ፔት ኢንሹራንስ የሚባል፣ ለውሻ ሕክምና የሚከፍል ነገር አለኮ» አለችኝ ኤልዳና። «እሁድ መጥቼ አብረን እናያለን።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። ገብረየስ ከሶፋው ሆኖ ያዳምጣል።

«ምን ይሄ ሁሉ?» አለ። «እድር አለን አይደል? ዳኛውን፣ አቶ ህብረትን፣ አናግሩትና ውሻውን ያስገባልን።»

«እድር የሚመጣው ከሞተ በኋላ ነው! እኔ በቁሙ እንዲራመድ ነው የምፈልገው» አልኩት።

ኤልዳና ሳቀች። ከዚያ እንደ ሕፃን ታስረዳኝ ጀመር። «ቬቱ ጋ፣ የውሻው ሐኪም ጋ፣ መጀመሪያ አንቺ ፔይ ታደርጊያለሽ፣ ደረሰኙን ትልኪላቸዋለሽ፣ እነሱ ይመልሱልሻል።»

«መጀመሪያ እኔ? ታዲያ ምኑን ኢንሹራንስ ሆነ!»

«ሁሉንም አይመልሱም። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ትንሽ አንቺ ትችያለሽ፤ ከዚያ በላይ ካለው አብዛኛውን እነሱ። ኦፕሬሽን ቢመጣ በክሬዲት ካርዴ እከፍላለሁ፣ ሲመልሱ እዘጋዋለሁ። ካልመለሱ ነው ጉዱ።»

ሦስት መረጠች። አንደኛው በጣም ርካሽ ነው፤ ግን የሚይዘው መኪና ከገጨው ወይም አጥንት ካነቀው ብቻ ነው፤ በሽታ የሚባል ነገር የለበትም። ሦስተኛው ውድ ነው፤ ጥርስ ማጽዳት፣ ጥፍር መቁረጥ ሁሉ አለው። «ጥፍሩን እኔ እቆርጣለሁ፣ ይሄን ሁሉ መቀስ የያዝኩት ለምንድነው?» አልኳት። መካከለኛው አደጋም በሽታም ጉልበትም ይይዛል፤ ለወር የሚጠይቀውም ከስልካችን ክፍያ ያንሳል። ኤልዳና ጣቷን እሱ ላይ አሳርፋ «ዲስ ዋን» አለች።

«ቆይ» አልኳት። «ስልክ ደውዪ። ሰው ነው የምገዛው፣ ወረቀት አይደለም።»

«ማሚ፣ ኖባዲ ኮልስ!»

«ደውዪ አልኩሽ። ለሁሉም አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፤ የማትከፍሉት ምንድነው? በይ።»

ስፒከር ላይ አደረገችው። ርካሹ ጋ ሰው የለም፤ ማሽን ብቻ ቁጥር ንኩ ይላል። ውዱ ጋ አንድ ጎረምሳ አነሳና «ኖ ዎሪስ! ኤቭሪቲንግ ኢዝ ካቨርድ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉን እሺ የሚለኝ ሰው ያስፈራኛል፤ «ዝጊው!» አልኳት። መካከለኛው ጋ ያነሳችው ዶና ትባላለች። ድምፅዋ የእርጋታ ነው፣ ከእንቅልፍ ጋር እንደ እኔ የሚዋደድ ሰው ድምፅ። ኤልዳና ጥያቄዬን ስትጠይቃት አንድ በአንድ ነገረችን። ከመግዛታችሁ በፊት የጀመረ ሕመም አንከፍልም። ለጉልበት የጥበቃ ጊዜ አለ፤ በዚያ መሃል ከተጎዳ አንከፍልም። ክፍያው ውሻው ሲያረጅ ይጨምራል፣ አይጨምርም ያላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። «ደግሞ» አለች፣ «ገንዘብ ሳትሰጡኝ በፊት የክሊኒኩን መዝገብ ላኩልኝ። የምንይዘውንና የማንይዘውን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ፤ በኋላ ከምታዝኑብኝ።»

«ይቺ ናት!» አልኩ። ስንት ሰው እሺ እያለ ባዶ እጄን እንደሸኘኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ይቺ ሴት አልከፍልም ያለችውን ካልከፈለች፣ እከፍላለሁ ያለችውን ትከፍላለች። ኤልዳና መዝገቡን ከክሊኒኩ አስልካ አስተላለፈችላት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱሪ ሳሳጥር እንኳ ልቤ ቀለለኝ።

ዶና የደወለችው ኤልዳና እኛ ጋ ባለችበት ነው። ስፒከር ላይ ስታደርገው ያ የእርጋታ ድምፅ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ያዘነ ነበር።

«መዝገቡ ላይ የውሻው ባለቤት የተናገሩት ተጽፏል» አለች። «የግራ የኋላ እግሩን ያነክሳል፣ ምግብ አይበላም፣ ደካማ ነው፣ ይላል። ስለዚህ የግራውን እግር መያዝ አንችልም። አንዱ ጉልበት ችግር ካለበት ሌላው ስለሚከተል ቀኙንም አንይዝም። ሌላውን ሁሉ እንይዛለን። አዝናለሁ።»

ኤልዳና ስልኩን ዘግታ ዞረችብኝ። «ማሚ፣ ኋት? ሬቢ መቼ አንክሶ ያውቃል? መቼ ነው ምግብ እምቢ ያለው? የኔን ጫማ በልቷል!»

ወይኔ! አፌ ቁርጥ ይበልልኝ። ባለፈው መስከረም ለክትባት ስንወስደው ነው። ኤልዳና መኪና ልታቆም ቀርታ፣ እኔና ገብረየስ ውሻውን ይዘን ገባን። መቀበያው በሰው ጢም ብሏል። ዶክተር ሞርጋን፣ ወጣት ናት፣ በሩን ከፍታ አይረቤን ስታየው እጇን ዘርግታ ጮኸች፤ «ዋው! እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው! እንዴት ያለ ጤነኛ! ቆንጆ!» ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ድመት ያቀፈች አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ተክላበት ቀረች። ዶክተሯ ቱፍ አላለች፣ ከዓይን ያውጣህ አላለች፣ ምንም!

እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚባል መቼም ታውቃላችሁ። ልጅሽን «ወፈረ፣ አማረበት» ሲሉሽ «ኧረ ታሞብኝ ነው የሰነበተው፣ እህልም አይቀምስ» ትያለሽ። ይሄ ውሸት አይደለም፤ መሸፈኛ ነው፣ ብርድ ሲሆን ልጅሽን እንደምትሸፍኝው። እኔም ሸፈንኩት። «ኖ፣ ኖ፣ ዶክተር። ቬሪ ሲክ። ኖ ኢት። ሌግ ባድ» አልኳት። «የትኛው እግር?» አለችኝ ደንግጣ። «ሌፍት» አልኩ፣ ወደ ኋላ እግሩ እየጠቆምኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ የገብረየስ እግር ነው። ዳበሰችው፣ ምንም አላገኘችም፣ ትከሻዋን ሰብቃ ኮምፒውተሩ ላይ መታ መታ አደረገች። እዚህ አገር እኮ ያልሽውን ሁሉ ይጽፉታል!

«ቀላል ነው» አለች ኤልዳና ሁሉንም ስነግራት። «እንሄዳለን፣ ጤነኛ ነው ትያታለሽ። ጀስት ቴል ኸር።»

«አልልም።»

«ኋይ?»

«አልልም አልኩሽ!»

«ማሚ፣ ፎር ኤ ሱፐርስቲሽን? ዳዲ መሄድ እንዲያቆም ነው የምትፈልጊው?» ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በሩ ሲዘጋ አይረቤ ጭራውን እየቆላ በሩ ስር ቀረ። እሱ ምን ያውቃል።

ውጭው መንጣት ጀምሮ ነበር፣ ቀጭን በረዶ ሳይመስል ይወርዳል። «ማዘንጊያ» አለኝ ገብረየስ፣ «እሱን የገደለው ኩፍኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ኤልዳና የማታውቀው ወንድም አላት። ዘካርያስ። የወለድነው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካምፕ ነው፤ ገና መቆም እየጀመረ ነበር። አንድ ጠዋት አጥቤ፣ ቀብቼ፣ አዝዬው ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ሰልፉ ላይ ነጠላዬን ከፊቱ ገለጥኩለት። ሰው እንዲያየው ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼበት ነበር። ከኋላዬ የነበረች ሴት «ውይ ሲያምር! ሲፋፋ!» አለች። እኔም «አዎ፣ አያምርም?» አልኩ። በሳምንቱ ቀበርነው። ካምፑ ውስጥ ስንት ልጅ በዚያው ኩፍኝ እንደሄደ አውቃለሁ። ሐኪሙም ነግሮኛል። ይሁን! ግን ያን «አዎ» ያለው የኔ አፍ ነው። ከዚያ ወዲህ የምወደውን ነገር አሞግሼ አላውቅም። ኤልዳና ስትወለድ ለገብረየስ አንንገራት አልኩት፣ አልነገርናትም።

«ሶፋው ላይ ስቀመጥ የማየው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ ገብረየስ። «ያን ዎከር። ሹራብሽ የተሰጣበትን። ቀኑን ሙሉ ያየኛል።» ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ አይረቤ ጭንቅላት ላይ አሳረፈው። «ይሄ ውሻ የሄደ ዕለት እኔም አብቅቻለሁ። ለምኜሽ አላውቅም። አሁን እለምንሻለሁ፣ ጤነኛ ነው በያት።»

እውነት ነው፣ ለምኖኝ አያውቅም። ከካምፕ ኮሎምበስ ድረስ ስንመጣ፣ ቤት ስንገዛ፣ ስትሮክ ሲመታው፣ አንድ ቀን «እባክሽ» ብሎኝ አያውቅም። ስልኬን አነሳሁና ኤልዳናን «ቀጠሮ ያዢልኝ» አልኳት።

የሄድን ቀን ህልሜን በዓይኔ አየሁት። ኦለንታንጂ ዳር ያለው ጉም 315 የሚሉትን አውራ ጎዳና ሸፍኖታል፤ ከፊታችን የሚሄዱት መኪናዎች ቀይ መብራት ብቻ ሆነዋል። ኤልዳና ትነዳለች፣ አታናግረኝም። ገብረየስ ከኋላ ከአይረቤ ጋር ተቀምጧል። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ አላውቅም፤ ክሊኒኩ ያለበት ሉዊስ ሴንተር ስንደርስ አዲሶቹ ቤቶች ከጉሙ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፣ ደግሞ ይጠፋሉ።

ዶክተር ሞርጋን ነጭ ክፍል ውስጥ አስገባችን። ኤልዳና ጉዳዩን አስረዳቻት። ዶክተሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች፣ ልጄ ታስተረጉምልኝ ጀመር።

«የተጻፈውን ማጥፋት አልችልም ትላለች። ግን ዛሬ የምትነግሪያትንና በእጇ የምታገኘውን ትጽፋለች። መጀመሪያ ለምን እንደዚያ እንዳልሽ ማወቅ ትፈልጋለች።»

አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ህልሜ ድምፅ የለኝም። ግድግዳው ነጭ፣ መስኮቱ ነጭ። ያ ሰልፍ መጣብኝ፣ ፀሐዩ፣ ባዶው ጀሪካን፣ ጀርባዬ ላይ ያለው ሙቀት። አይረቤ ገብረየስ ጫማ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ገብረየስም ያየኛል።

«ልጅ ነበረኝ» አልኩ በአማርኛ። «ቆንጆ ነው ሲሉኝ አዎ አልኩ። ሞተ። ለዚያ ነው።»

ኤልዳና «ሺ ሃድ ኤ...» ብላ ቆመች። ወደኔ ዞረች። «ማሚ፣ ምንድነው ያልሽው?»

«ወንድም ነበረሽ አልኩ። ዘካርያስ ይባላል። ንገሪያት።»

አባቷን አየችው። ገብረየስ ራሱን ነቀነቀ። ልጄ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ለዚያች ፈረንጅ ነገረቻት፤ ለራሷም ያኔ ነው የነገረችው። ዶክተሯ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ምንም አልጻፈችም። ከዚያ ስለ ውሻው ንገሪኝ አለችኝ።

«ጤነኛ ነው» አልኩ። ጣሪያው አልወደቀም። «አንክሶ አያውቅም። አንድ ቀን አንክሶ አያውቅም። ይበላል፣ ክር ሳይቀር ይበላል፣ የልጄን ጫማ በልቷል። ጠንካራ ነው። ባሌን ከሶፋ ያነሳው እሱ ነው፣ እኔ ያቃተኝን። ያምራል! አየሽው ጸጉሩን? እንደሱ የሚያምር ውሻ ኮሎምበስ ውስጥ የለም!» ኤልዳና እያለቀሰች ታስተረጉማለች። እኔ ግን ከዶክተሯ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። «አሁን ቱፍ ቱፍ በይው» አልኳት።

«ማሚ!»

«ንገሪያት! መስከረም ላይ ሳትል ቀርታ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። ካላለች ከዚህ አልነሳም።»

ነገረቻት። ዶክተር ሞርጋን ኤልዳናን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎንበስ ብላ በዚያ በተማረ አፏ «ቱፍ፣ ቱፍ» አለችው። አይረቤ አስነጠሰባት። ገብረየስ ሳቀ፤ ከስትሮኩ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ከዚያ ምርመራው መጣ። ጉልበቱን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ዳበሰች። ኮሪደሩ ላይ አስኪዱት አለች። ገብረየስ ገመዱን ይዞ ወጣ፣ እኛ በሩ ላይ ቆምን። አይረቤ ዝግ ብሎ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ አንድ እርምጃ፣ ይቆማል። የዶክተሯ ፊት ተለወጠ።

«ለምንድነው እንዲህ የሚሄደው? ሁልጊዜ ነው?» አለች።

ዓይን ያዘው፣ አልኩ በልቤ፣ አሁንስ አፌ ጨረሰው። ኤልዳና ናት ቀድሞ የገባት። «ዳዲ፣ ልቀቀው» አለችው።

«ምን?»

«ገመዱን ልቀቅለት። አንተን እየጠበቀ ነው።»

ገብረየስ ጣቶቹን ከፈተ። ኤልዳና ከኮሪደሩ ጫፍ «ሬቢ!» ብላ ጠራችው። እናንተዬ፣ ያ ውሻ በረረ! ጥፍሩ ወለሉ ላይ እየተንጫጫ ደርሶ፣ ዘሎ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ሄዶ፣ አራቱም እግሩ እኩል እየነካ ሮጠ። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ መሮጥ እየቻለ ነው የሚያዘግመው። መጨረሻ ላይ መጥቶ ገብረየስ ጫማ ላይ ተቀመጠና ዓይን ዓይኑን አየው። ገብረየስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዶክተሯ ጻፈች። ኤልዳና አነበበችልኝ፤ እግሮቹ ጤነኛ ናቸው፣ ቀስ የሚለው የታመመ ጌታውን ተከትሎ ነው፣ የውሻው ባለቤት ቀድሞ የተናገሩት ከባህላቸው የመጣ እንጂ እንስሳው ላይ የታየ ሕመም አይደለም፣ ይላል። ኤልዳና ቤት አድርሳን ሳትወርድ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደኖርኩ አትጠይቁኝ። አይረቤ ደረጃ ሲወርድ ትንፋሼን እይዛለሁ። ውሃ ሲጠጣ ስንት ጊዜ እንደላሰ እቆጥርለታለሁ። ገብረየስ «ተይው እንጂ፣ ውሻው ራሱ ደነገጠ» ይለኛል። ኤልዳና አትደውልም፣ ስደውልላት «ሥራ ላይ ነኝ» ትለኛለች። እንደ ልማዴ ስፌት መኪናው ላይ ባንቀላፋም ጉሙ ብቻ ይመጣል፤ ውስጡ ማንም የለም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ገብረየስና አይረቤ ከወጡ በኋላ፣ በሩ ተከፈተ። ኤልዳና ናት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ስፌት መኪናው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«ዶና ደወለች» አለችኝ። «የዶክተሯን ጽሑፍ ተቀበሉት። ግራውም ቀኙም ካቨርድ ነው። የጥበቃ ጊዜው እንዳለቀ ይጀምራል።»

«እሰይ! እሰይ! ተመስገን!» ብዬ ብድግ አልኩ። «አባትሽ ይምጣና ልንገረው! ምን ትላለች ዶና፣ እኔ እኮ ይቺ ናት ብያለሁ!»

ኤልዳና አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የክር ጥቅል አንስታ ታገላብጠዋለች።

«ማሚ፣ ለአስተማሪዎቼ ‘አይገባትም፣ አግዟት’ ትያቸው ነበር። ስመረቅ ለመጣው ሰው ሁሉ ‘እንደ ምንም አለፈች’ አልሽ። እዚያው አጠገብሽ ቆሜ። ሁልጊዜ ‘ይቺ ከሲታ፣ ይቺ በሽተኛ።’ እኔ እኮ አምኜሽ ነበር።» ክሩን አስቀመጠችው። «ሬቢን ያን ሁሉ አልሽው። እኔስ?»

መስኮቱ በጉም ነጥቷል። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት የለመደ ምላሴ ቀደመኝ፤ «አንቺማ ከስተሽ...» ብዬ ጀምሬ ነከስኩት። ፈራሁ። ከዚያች ክሊኒክ ይልቅ እዚህ፣ ገዛ ቤቴ ውስጥ፣ ገዛ ልጄ ፊት ፈራሁ። ሄጄ ሁለቱን ጉንጮቿን ያዝኩ፤ ከውጭ ገብታ ቀዝቅዘዋል።

«ታምሪያለሽ» አልኳት። «ጎበዝ ነሽ። ከተወለድሽ ጀምሮ ጤነኛ ነሽ፣ ከክፍልሽ ቀድሞ የሚገባሽ አንቺ ነበርሽ። ስትመረቂ ኩራቴ አላስቆም ብሎኝ ነው ሽንት ቤት ገብቼ ያለቀስኩት። አንቺን አይቼ ጠግቤሽ አላውቅም፣ ኤልዳናዬ።» ከዚያ ግንባሯ ላይ፣ ቱፍ፣ ቱፍ፣ ከዓይን ያውጣሽ።

«ኢው፣ ማሚ!» አለች፤ እንባዋ እጄ ላይ ይወርዳል፣ ትስቃለች፣ ግን ፊቷን አላሸሸችም። ከኋላዋ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ገብረየስ ጉሙ ውስጥ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ግራ እግሩን ያወጣል፤ አይረቤ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምኩላት።